ደሴ ዋና ቢሮ፣ ኮምቦልቻ ፋብሪካ፦ 600 ኮምፒውተር በአንድ ሥርዓት ፓች (የሶፍትዌር ጥገና) ማድረግ እንዴት ይቻላል?

ሐረጎ_ቁልቁለት (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ዋና መሥሪያ ቤቱ ደሴ፣ ፋብሪካውና መጋዘኑ ኮምቦልቻ ስለሆነ ድርጅት ነው የምጠይቀው። ደሴ 420፣ ኮምቦልቻ 180 ገደማ ኮምፒውተር አለ፤ አብዛኛው ዊንዶውስ 10፣ አዲስ የተገዙት 11 ናቸው። ሰርቨሮቹ ከ2012 አር2 እስከ 2019 የተደባለቁ ናቸው፣ ጥቂት ኡቡንቱም አለ። ኢንተርኔት የሚገባው በደሴ በኩል በ20 ሜጋቢት ነው፤ ደሴን ከኮምቦልቻ የሚያገናኘው መስመር 10 ሜጋቢት ነው።

አሁን እያንዳንዱ ማሽን ለብቻው ከማይክሮሶፍት ያወርዳል። በወር አንዴ ረቡዕ ጠዋት ሰው ገብቶ ኮምፒውተሩን ሲከፍት ኔትወርኩ ቀጥ ይላል። ከዚህ የተነሳ በየክፍሉ አፕዴት ያጠፉ አሉ፤ ማን እንዳጠፋ የሚያሳይ ነገር ግን የለም። ኦዲተር ደግሞ «ስንት በመቶው ፓች ተደርጓል?» ብሎ በጽሑፍ ጠይቋል። ደብሊውሰስ (ፓቹን አንዴ አውርዶ ለውስጥ ማሽኖች የሚያድለው የማይክሮሶፍት ሰርቨር) ይተከል ወይስ ማይክሮሶፍት ትቶታል ስለተባለ ሌላ ይፈለግ? ፋብሪካው በሦስት ፈረቃ ስለሚሠራ ሪስታርት የሚደረግበት ሰዓትም ቸግሮናል። ዝርዝሩን የምታውቁ ብትረዱኝ።

ቧንቧ_ውሃ

አብሽር ወንድሜ፣ የረቡዕ ጠዋቱ ነገር በስሌት የሚታይ ነው። ማይክሮሶፍት ወርኃዊውን ፓች የሚለቀው በፈረንጆቹ ወር ሁለተኛው ማክሰኞ፣ በእኛ ሰዓት ከምሽቱ 2 ወይም 3 ሰዓት ላይ ነው፤ አሜሪካኖቹ ሰዓታቸውን ስለሚያዘዋውሩ እንደ ወቅቱ ይለያያል። በዚያ ሰዓት ቢሮው ዝግ ነውና ሁሉም ማሽን ረቡዕ ጠዋት አብሮ ይጠይቃል። የዊንዶውስ 10ን ወርኃዊ ጥቅል 700 ሜጋባይት ብለህ ያዝ። 600 ማሽን ሲያወርደው 420 ጊጋባይት ነው፤ 20 ሜጋቢቱ ሌላ ምንም ሥራ ሳይሠራ 47 ሰዓት ግድም ይፈጅበታል። የዊንዶውስ 11 ጥቅል ደግሞ ከዚህም ይከብዳል። የኮምቦልቻውን መስመር ለብቻው ብታየው 126 ጊጋባይት በ10 ሜጋቢት 28 ሰዓት ነው። እዚያ አንድ ሰርቨር ተቀምጦ ፋይሉን አንዴ ቢወስድ ግን ያው 700 ሜጋባይት በ10 ደቂቃ ውስጥ ይሻገራል። ስለዚህ ደሴ ላይ ዋና ደብሊውሰስ፣ ኮምቦልቻ ላይ ከሱ የሚቀዳ ሬፕሊካ። ማጽደቁ (የትኛው ፓች ይታደል የሚለው) ደሴ ላይ ብቻ ይሆናል።

ከዚያ በፊት ግን ቆጠራ። ሦስት ዝርዝር አውጣ፦ የንብረት ክፍል መዝገብ፣ አክቲቭ ዳይሬክተሪ (ዶሜይን የሚባለው የድርጅቱ የኮምፒውተርና የተጠቃሚ ማውጫ) ላይ ያሉት ስሞች፣ እና የኔትወርክ አድራሻ ከሚያድለው ዲኤችሲፒና ከስዊቾቹ የሚገኘው በእርግጥ ኬብል ላይ ያለ ነገር። ሦስቱ ፈጽሞ አይገጥሙም። ስዊቹ ላይ ታይቶ ዶሜይን ውስጥ የሌለ ማሽን ምንም ፖሊሲ አይደርሰውም፣ ፓችም አያገኝም፣ ሪፖርት ላይም አይታይም። የምትፈልገው እሱን ነው።

ሰርቨሩን ስትተክል ብዙ ሰው የሚሳሳትባቸው ቦታዎች አሉ። ምርቶችን ስትመርጥ ያለህን ብቻ ምረጥ፣ ቋንቋ እንግሊዝኛ ብቻ፣ «ድራይቨር» የሚለውን ምድብ አትንካው፤ እሱን የመረጠ ሰው ዳታቤዙ አብጦ ኮንሶሉ አልከፈትም ይለዋል። ፋይሉ ሲጸድቅ ብቻ እንዲወርድ አድርግ። ለይዘቱ 200 ጊጋባይት የተለየ ዲስክ ስጠው። ከዚያ አይአይኤስ (ደብሊውሰስ የሚሠራበት የዊንዶውስ ዌብ ሰርቨር) ላይ ደብሊውሰስ ፑል የሚለውን ከፍተህ የሜሞሪ ገደቡን እየው፦ ከፋብሪካ ሲመጣ 1,843,200 ኪሎባይት ነው፣ ለ600 ማሽን አይበቃም። ወደ 4 ጊጋባይት ከፍ አድርገው፤ የወረፋውንም ቁጥር ከ1000 ወደ 2000። ይህ ካልተነካ ፑሉ ይወድቃል፣ ማሽኖቹ ላይ 80244022 የሚል ስህተት ታያለህ፣ ሰው ደግሞ ኔትወርኩን ይወቅሳል።

ዊንዶውስ 11 ስላለህ አንድ ተጨማሪ፦ ከ22ኤች2 ወዲህ ያሉት ጥቅሎች የሚመጡት በዶት ኤምኤስዩ እና በዶት ዊም ፋይል ነው። አይአይኤሱ እነዚህን የፋይል ዓይነቶች ካላወቀ ማሽኑ ፋይሉን ሲጠይቅ 404 ይመለስለታል። ሁለቱን በማይም ዝርዝሩ (የፋይል ዓይነቶች መዝገቡ) ላይ ራስህ አስገባ፣ ኮምቦልቻም ላይ ጭምር።

ግሩፕ ፖሊሲ (ከዶሜይኑ ለማሽኖቹ ሁሉ የሚሰጠው ቅንብር) ላይ የሰርቨሩን አድራሻ ከነፖርቱ 8530፣ ሰርተፊኬት ካለህ 8531 ስጥ። ከዚያ «ማዘግየት» የሚሉትን ፖሊሲዎች ባዶ ተዋቸው። እነሱ ከደብሊውሰስ ጋር አብረው ከተሞሉ ዊንዶውስ 10 ሰርቨርህን ጥሎ ወደ ኢንተርኔት ይሄዳል። ዱዋል ስካን የሚሉት እሱ ነው፤ «ሰርቨር ተክለን ኢንተርኔቱ አሁንም ይሞታል» የሚል ሰው ሲመጣ መጀመሪያ የሚታየው ቦታ ይኸው ነው።

ጦሳ_ግርጌ

ጋሼ ቧንቧ ውሃ እንዳሉት ሆኖ፣ ደብሊውሰስን አሁን አዲስ መትከል ያሳስባል። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2024 አዲስ ነገር እንደማይጨምርበት አስታውቋል። በኦክቶበር 2025 ደግሞ ሲቪኢ-2025-59287 የተባለ የደብሊውሰስ ክፍተት መጣ፤ ያለ ይለፍ ቃል ከርቀት ሰርቨሩን የሚያስይዝ፣ ክብደቱ ከ10 9.8 የተባለ። የወሩ ጥገና ስላልበቃ ኦክቶበር 23 ላይ ሌላ አስቸኳይ ፓች ተለቀቀ። ፓች የሚያድለውን ሰርቨር የያዘ ሰው 600ውን ማሽን ያዘ ማለት ነው። ወደ ኢንቱን (የማይክሮሶፍት የክላውድ ማስተዳደሪያ) ብትሄዱ ይህ ሁሉ ጣጣ የለም።

ቧንቧ_ውሃ

ልክ ነው፣ ግን ሁለት ነገር ለይ። «አዲስ ነገር አይጨመርም» ማለት «ጠፍቷል» ማለት አይደለም፤ ሰርቨር 2025 ውስጥም አለ፣ ፓቹም ይመጣበታል። ኢንቱን በሰው በወር በዶላር የሚከፈል ነው፤ የውጭ ምንዛሪውን በየዓመቱ የሚያስፈቅድ ፋይናንስ ካለህ ጥሩ። የዶላሩ ነገር ቢያልቅም መስመሩ ያው 20 ሜጋቢት ነው፣ ማሽኖቹ በመካከላቸው ካልተቀባበሉ ወደ ረቡዕ ጠዋት ትመለሳለህ።

መቀባበሉን ዴሊቨሪ ኦፕቲማይዜሽን የሚባለው የዊንዶውስ ክፍል ይሠራዋል፣ በፖርት 7680። እዚህ ላይ ወጥመድ አለ። ሞድ 1 ጎረቤት የሚለው በአንድ የውጭ አይፒ የሚወጡትን ሁሉ ነው። ኮምቦልቻም የሚወጣው በደሴ በኩል ስለሆነ ሁለቱን ከተሞች አንድ ግቢ አድርጎ ያያቸዋል፤ የደሴው ማሽን ከኮምቦልቻው እየቀዳ ያችን 10 ሜጋቢት ይጨርሳታል። ሞድ 2 አድርገው፣ ቡድኑም በአክቲቭ ዳይሬክተሪ ሳይት (በቦታ በተለየ ምድብ) ይከፈል። ለዚያ ሳይቶቹና ሰብኔቶቹ በትክክል መመዝገብ አለባቸው፤ ብዙ ቦታ ሁሉም በመጀመሪያው ሳይት ውስጥ ተጠቅጥቆ ነው የሚገኘው።

የደህንነቱን በተመለከተ፦ 8530 እና 8531 ከውጭ ፈጽሞ አይታዩ፣ ሰርቨሩ ሌላ ሥራ አይደረብበት፣ በየወሩ መጀመሪያ ፓች የሚደረገውም እሱ ራሱ ይሁን።

የቦርከና_ማዶ

ሰርቨር መትከሉ ቀላሉ ክፍል ነው። ፓች ተጭኖ ሪስታርት ያልተደረገ ማሽን ክፍተቱ እንዳለ ነው፤ ፋይሉ ዲስክ ላይ ተቀምጦ የሚሠራው የድሮው ነው። ማሽኖቹን ስክሪኑን ብቻ አጥፍቶ የሚሄድ ሰው አለ፣ ዲቫይደሩን ከግድግዳ ነቅሎ የሚሄድም አለ። የመጀመሪያው ለሳምንታት ሪስታርት አይደረግም። ሁለተኛውን ደግሞ ሌሊት በኔትወርክ ልቀስቅስህ ብትለው መብራት የለውም። ስለዚህ «ሌሊት ይሠራል» የሚለው እቅድ ቢሮ ውስጥ አይሠራም።

የሚሻለው ዓርብ ነው። የዓርብ የምሳ ሰዓት ከ5፡30 እስከ 7፡30 ነው፤ ሰው ለጁምዓም ለምሳም ይወጣል፣ ማሽኑ ግን በርቷል፣ የአይቲ ሰውም ግቢ ውስጥ አለ። ፖሊሲውን በራሱ አውርዶ በቀጠሮ የሚጭነው ላይ፣ ማለትም ቁጥር 4 ላይ አድርግና ቀኑን ዓርብ፣ ሰዓቱን 6 ሰዓት አድርግ። እዚያ ላይ በቀጠሮው ሰዓት ሁልጊዜ ሪስታርት አድርግ የሚለውን ጨምር፤ ከ15 እስከ 180 ደቂቃ ማስጠንቀቂያ ይሰጣል፣ 30 ይበቃል። ላፕቶፖቹን ለይተህ በቀነ ገደብ ያዛቸው፦ 5 ቀን፣ ከዚያ 2 ቀን እፎይታ። ሁለቱን ፖሊሲ አንድ ማሽን ላይ አትደርብ፤ ቀነ ገደቡ የዓርቡን ቀጠሮ ይሽረዋል።

ማዳረሱን በዙር አድርገው። ረቡዕ የአይቲ ክፍሉ ማሽኖች። በማግስቱ ሙከራ፣ ከየክፍሉ አንዳንድ፣ በጠቅላላ 30 ያህል። የሙከራው ቡድን ውስጥ የግድ መኖር ያለባቸው፦ ፒችትሪ የሚሠራበት አንድ፣ የጣት አሻራ ሰዓት መቆጣጠሪያው የተያያዘበት አንድ፣ ባርኮድ የሚያነብ አንድ፣ ፓወር ግዕዝ ያለበት ጸሐፊ ቤት አንድ፣ እና ከሁሉም በላይ በጋራ ፕሪንተር የሚያትም ክፍል። እ.ኤ.አ. በኦገስት 2021 የወጣው ፓች ተራ ተጠቃሚ የፕሪንተር ድራይቨር እንዳይጭን ከለከለ፤ ከጥቃቱ አንጻር ትክክል ነበር፣ ግን ድራይቨሩን ቀድሞ ያልጫነ መሥሪያ ቤት በማግስቱ ማተም አልቻለም። የሙከራ ቡድን ያለው እንዲህ ያለውን በአንድ ክፍል ያየዋል። አንድ ዓርብ ካለፈ በኋላ የቀረው ደሴ፣ በሚቀጥለው ዓርብ ኮምቦልቻ።

ይህን አካሄድ የማይጠብቁ ፓቾች አሉ። የአሜሪካው የሳይበር ደህንነት ተቋም ሲሳ የሚያወጣው «በተግባር ጥቃት የተፈጸመባቸው» ዝርዝር አለ፤ በነፃ ይገኛል። የአንድ ክፍተት ክብደት 9.8 መሆኑ ብቻውን አያስሮጥም፤ እዚያ ዝርዝር ውስጥ ከገባና አንተ ጋ ያለ ነገር ከሆነ ግን ሙከራውን ወደ አንድ ቀን አሳጥረህ በ72 ሰዓት አዳርስ።

ካላንደሩን አስተውል። የጁላዩ ሁለተኛ ማክሰኞ ምን ጊዜም የሚውለው ከሐምሌ 1 እስከ 7 ባለው ነው፤ በጀት የሚዘጋበት፣ ንብረት የሚቆጠርበት ሳምንት። የሴፕቴምበሩ ከጳጉሜ 3 እስከ መስከረም 4 ይውላል፣ ግማሹ ሰው ለዘመን መለወጫ ወጥቷል። የፋይናንስ ማሽኖችን ከሰኔ 25 እስከ ሐምሌ 15 ከመደበኛው ዙር አውጣቸውና በጽሑፍ አስፈርም። ቃል ብቻ ከሆነ እስከ ኅዳር ይጎተታል።

ሐረጎ_ቁልቁለት (ጠያቂ)

እግዜር ይስጥልኝ፣ ደሴ ላይ ተተክሎ እየሄደ ነው። አንድ ነገር አልገባኝም። አንድ ክፍል ውስጥ 40 ማሽን ፖሊሲው ደርሷቸዋል፣ ኮንሶሉ ላይ ግን የሚታየው 1 ነው፤ ስሙም በየጊዜው ይለዋወጣል።

ቧንቧ_ውሃ

40ዎቹ ከአንድ ምስል የተገለበጡ ናቸው። አንዱን አዘጋጅተው በሲስፕረፕ (የማሽኑን መለያዎች በሚያጸዳው የዊንዶውስ መሣሪያ) ሳያጸዱ ክሎን አድርገውታል። ደብሊውሰስ ማሽንን የሚለየው በስሙ ሳይሆን ሬጂስትሪ ውስጥ ባለ «ሰስ ክላይንት አይዲ» በሚባል መለያ ነው፤ 40ዎቹ አንድ መለያ ስለያዙ እየተፈራረቁ አንዱ የሌላውን ቦታ ይወስዳል። የዊንዶውስ አፕዴት ሰርቪሱን አቁም፣ ያንን መለያና አጠገቡ ያለውን ማረጋገጫውን ሰርዝ፣ ሰርቪሱን አስነሳ፣ ፈቃዱን አድሶ እንዲፈልግ እዘዘው። በግሩፕ ፖሊሲ የማስነሻ ስክሪፕት አድርገህ አንዴ ብቻ እንዲሮጥ ምልክት አስቀምጥለት። ምልክቱን ከረሳህ ማሽኑ በተነሳ ቁጥር አዲስ መለያ ያወጣና ኮንሶሉ በሙት ስም ይሞላል።

ሌላው፣ ፓች እምቢ የሚሉ ማሽኖች ይኖሩሃል። 80073712 ወይም 800F081F ካየህ የዊንዶውሱ ዕቃ ግምጃ ቤት (የሲስተም ፋይሎቹ ማከማቻ) ተበላሽቷል ወይም ጎድሏል። በዲዝም (በዊንዶውሱ የራሱ መጠገኛ) ጠግነው፤ ካልተጠገነ፣ በተለይ ከገበያ በፍላሽ የመጣ «ቀላል» ዊንዶውስ ከሆነ ጊዜህን አታጥፋ። እነዚህ አፕዴቱ ተቆርጦ የወጣላቸው ናቸው፣ እንደ አዲስ መጫን ብቻ ነው። በክራክ የተከፈተውም አፕዴቱን ያጠፋው ራሱ ክራኩ ሊሆን ይችላል። 80070643 ከሆነና እ.ኤ.አ. የጃንዋሪ 2024ቱ ኬቢ5034441 ላይ ከሆነ ምክንያቱ የሪከቨሪ ክፋዩ ጠባብ መሆኑ ነው፤ 250 ሜጋባይት ጨምርለት።

ሦስተኛ_ፈረቃ

ኮምቦልቻውን በተመለከተ። ቢሮው እንደ ደሴው ይሂድ፤ የማምረቻ መስመሩን ግን ደብሊውሰስ ውስጥ አታስገባው። ማሽኑን የሚመራው ስክሪን ውስጥ ያለው ዊንዶውስ 7 ወይም ኤክስፒ ሊሆን ይችላል፤ አቅራቢው የፈተነው በዚያ ስሪት ብቻ ነው፤ ፓች አድርገህ መስመሩ ቢቆም ዋስትናውም አብሮ ይሄዳል። የ7 ድጋፍ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 14 ቀን 2020 አልቋል፣ የሰርቨር 2012 አር2 ኦክቶበር 10 ቀን 2023፣ የ10 ኦክቶበር 14 ቀን 2025። የተራዘመ ድጋፍ ያልገዛ የዊንዶውስ 10 ማሽን ደብሊውሰስ ላይ አረንጓዴ ቢያሳይ አይግረምህ፤ የሚጎድለው ነገር ስለማይቀርብለት ነው።

ፓች የማይደረገውን ማጠር ነው። ለማምረቻው የራሱን ቪላን (የተለየ የኔትወርክ ክፍል) ስጠው፣ ከቢሮው ጋር በፋየርዎል አገናኘው፣ በነባሪ ሁሉም ዝግ ሆኖ የምርት ሪፖርቱ የሚያልፍበት አንድ ፖርት ብቻ ይከፈት። ፖርት 445ን በሁለቱም አቅጣጫ ዝጋ፣ አሮጌውን የፋይል መጋሪያ ኤስኤምቢ 1ን አጥፋ። ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ በሜይ 12 ቀን 2017 ዓለምን ሲያዳርስ የገባው በዚሁ በር ነው፤ ፓቹ ከማርች 14 ጀምሮ ወጥቶ ነበር። ፍላሽ የሚሰካበትን ዩኤስቢ ዝጋ፤ የጥገና ባለሙያው በላፕቶፑ ሲመጣ የሚሰካበት የተለየ ወደብ ይኑር። የዲስኩን ሙሉ ምስል ወስደህ ከመስመር ውጭ አስቀምጥ፣ ተመሳሳይ ዲስክ ላይ መልሰህም ፈትሸው። እነዚያ ዲስኮች ያረጁ ስለሆኑ ምስሉ ከቫይረስ በፊት ለዲስኩ ሞት ያስፈልግሃል።

የፈረቃውን ነገር፣ ሪስታርቱን ፈረቃ መቀየሪያ ላይ አታድርገው። ለአይቲ ሰው ባዶ ሰዓት ይመስለዋል፤ ሠራተኛው ሁሉ አሻራ የሚሰጠው ግን ያኔ ነው። ከሌሊቱ 8 እስከ 9 ሰዓት ይሻላል። የመጋዘን ማሽኖችን ግማሽ ግማሽ አድርጋቸው፣ ሁለቱ ሚዛኖች በአንድ ሌሊት አይጥፉ። ባዮስና ፈርምዌር ደግሞ ዩፒኤስ በሌለበት በጭራሽ። የዊንዶውስ ፓች መሃል ላይ መብራት ቢሄድ ብዙውን ጊዜ ሲነሳ ወደ ኋላ ይመልሰዋል፤ ባዮስ ላይ ከሄደ ቦርዱን ታወጣለህ።

ጦሳ_ግርጌ

ዊንዶውስ ላይ ብቻ አትቅሩ። ዊንራር በየማሽኑ አለ፣ ራሱን አያድስም፤ ከ7.13 በታች ያለው ሁሉ ጥቃት የተፈጸመበት ክፍተት አለበት። ደብሊውሰስ በራሱ አያድለውም፣ በዝምታ በሚጭን ስክሪፕት ነው የሚሄደው። የማያስፈልገው ክፍል ላይ ማጥፋቱ ከማደስ ይቀላል።

ማይክሮቲክ ራውተሮችን እዩ። እ.ኤ.አ. የ2018ቱ የዊንቦክስ (የራውተሩ ማስተዳደሪያ ፕሮግራም) ክፍተት በ6.42.1 ተዘግቷል፣ አሁንም ከዚያ በታች የሚሠራ አይታጣም። ራውተርኦኤሱን ካደሳችሁ በኋላ የራውተርቦርዱን ፈርምዌር ለብቻው አድሱና እንደገና ሪስታርት አድርጉ፤ ሁለት ደረጃ ነው፣ ሁለተኛውን ሰው ይረሳዋል። የዊንቦክሱን ፖርት 8291ን ከውጭ ዝጉ። ከደሴ ሆናችሁ የኮምቦልቻውን ስታድሱ የቅንብሩን ባክአፕ ቀድማችሁ አውጡ፣ ኮምቦልቻም ሰው ይቁም፤ መስመሩ ካልተመለሰ ሐረጎን ቁልቁል መውረድ ነው።

ኡቡንቱ 20.04 ካላችሁ መደበኛ ድጋፉ እ.ኤ.አ. በሜይ 2025 አብቅቷል። ኦፕንኤስኤስኤል (ሰርቪሶች የሚጋሩት የምስጠራ ሶፍትዌር) ሲታደስ እየሠራ ያለው ሰርቪስ የድሮውን በሜሞሪ ይዞ ይቀጥላል፤ ኒድሪስታርት የሚባለውን ጭናችሁ የትኛው መነሳት እንዳለበት ይንገራችሁ።

ሐረጎ_ቁልቁለት (ጠያቂ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ለኦዲተሩ የሚሰጠው ቁጥርስ? ኮንሶሉ 97 በመቶ ይላል። ወረዳ ለወረዳ የሚዞሩ፣ ወር ሙሉ ቢሮ የማይገቡ ላፕቶፖችም አሉ።

የቦርከና_ማዶ

97 በመቶ የምኑ? ኮንሶሉ የሚያካፍለው ለሚያውቃቸው ማሽኖች ነው። 450 ካወቀ 97 በመቶው 436 ያህል ነው፤ በንብረት መዝገቡ 600 ላይ ስታካፍለው 73 በመቶ ሆነ። ለኦዲተሩ ሁለቱንም ስጠው፣ ልዩነቱንም በስም ዝርዝር አያይዝ፦ 14 ቀን ሙሉ ሪፖርት ያላደረጉ፣ ዶሜይን ውስጥ የሌሉ፣ የታጠሩ የማምረቻ ማሽኖች። ሦስተኛው ቁጥር ፓቹ ከወጣበት እስከ 95 በመቶው ሪስታርት እስከተደረገበት ያለው ቀን ነው። ሥራ አስኪያጅ የሚገባውም ይኸኛው ነው።

ላፕቶፖቹን ከደብሊውሰስ አውጣቸው። የራሳቸውን ኦዩ (በአክቲቭ ዳይሬክተሪ ውስጥ የተለየ ምድብ) ስጣቸውና ቀጥታ ከማይክሮሶፍት እንዲወስዱ፣ በ7 ቀን መዘግየት፣ ቀነ ገደቡም ከላይ እንዳልኩት። ያኔ የማዘግየቱን ፖሊሲ መሙላት ችግር የለውም፤ ዱዋል ስካን የሚመጣው የሰርቨሩ አድራሻም አብሮ ሲኖር ነውና አድራሻውን ከዚያ ኦዩ አንሳው። ከሞባይል ኢንተርኔት ሲያወርዱ የሰውየው ካርድ እንዳያልቅ ዊንዶውሱ ላይ ያ ግንኙነት በመጠን የሚከፈልበት ተብሎ ሊሞላ ይችላል፤ ያኔ አብዛኛውን ማውረድ ይይዘዋል። ስለዚህ በወር አንድ ጊዜ ከወረዳው ጽሕፈት ቤት ዋይፋይ እንዲገናኙ ከመስክ አበሉ ማወራረጃ ቅጽ ጋር አያይዘው።